የላይ ቤት ውሃ

የላይ ቤት ውሃ ወደ ታች ቤት መግባት የጀመረው ውበቴ ግቢውን ሊሾ ያስደረገ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ዝናቡ በሁለቱም ላይ ይዘንብ ነበር፤ የማን ውሃ የት እንደገባ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ቦታው ቢቸና ውስጥ፣ ወደ ገበያ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። አባታቸው ሲሞቱ አንዱ ግቢ ለሁለት ተከፈለ። የላዩ ለውበቴ ደረሰ፣ የታቹ ለታናሽ እህቱ ለስርጉት። እናታቸው እማሆይ ወለተ ሐና ከስርጉት ጋር ታች ቤት ቀሩ። በመካከል አጥር እንኳ አላቆሙም። የላዩ ግቢ ሣር ነበር፤ ዳር ዳሩን ጌሾ፣ ከመሐሉ አንድ ያረጀ የኮክ ዛፍ። ክረምት ሲገባ ይጨቀያል፣ ጥቅምት ላይ ይደርቃል። የሚወርድ ውሃ ቢኖር የስርጉትን የጓሮ ጎመን ከማጠጣት አያልፍም።

ውበቴ ሹፌር ነበር። ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ገዛና ከቢቸና ጤፍ እየጫነ፣ በደጀን በዓባይ ድልድይ አድርጎ አዲስ አበባ ይመላለስ ጀመር። መኪናው ክረምት በመጣ ቁጥር ግቢው ጭቃ ውስጥ እየተያዘ አስቸገረው። ስለዚህ ጌሾውን ነቀለ፣ ኮኩን ቆረጠ፣ ከውጭ በር እስከ ቤቱ ደረጃ ያለውን ሁሉ በሲሚንቶ አስለበጠው። አምሮ ነበር። እማሆይ ወለተ ሐና በምርኩዛቸው መታ መታ አድርገው፣ "ልጄ፣ የንጉሥ ግቢ አስመሰልኸው" አሉት።

የሰኔ ዝናብ ሲመጣ ያ ሁሉ ውሃ መቆሚያ አጣ። ከጣሪያው የወረደውና ሊሾው ላይ የዘነበው በአንድ ጥግ ተሰብስቦ በስርጉት ማድ ቤት ገባ፣ በፊት ለፊቱ በር ወጣ። ስርጉት ውሃውን ጠርጋ ስትጨርስ ወደ ላይ ወጣች።

"ውበቴ፣ ውሃህ ቤቴ ገባ።"

ውበቴ የመኪናውን ጎማ ብሎን እያጠበቀ ነበር። ቀና አላለም። "ዝናቡን እኔ አላዘነብሁት።"

"ሣሩ ሳለ አይመጣም ነበር።"

"ውሃ መቼም ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ ስርጉት። ወደ ላይ አልወስደው።"

በነጋታው ግን በአካፋ ትንሽ ቦይ አወጣላት። ቦዩ ብዙም ሳይቆይ በደለል ተሞላ። እሷ ጆንያ ሙሉ አፈር በሯ ላይ ደረደረች፤ ውሃው ጆንያውን ዞሮ ገባ። ሽማግሌ ተላከ። ሽማግሌዎቹ ሊሾውንም አዩ፣ የረጠበውን ግድግዳም አዩ፣ "ወንድምና እህት በሰማይ ውሃ አይጣላም" ብለው አስታርቀው፣ መርቀው ሄዱ። እርቁ ደህና ነበር፤ ውሃው ግን አልሰማም። በሦስተኛው ክረምት ሁለቱ ሲተላለፉ አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ ያዞሩ ነበር።

በዚያ ክረምት እማሆይ ወለተ ሐና እግራቸው ከድቷቸው ከመደባቸው አይወርዱም ነበር። የፍልሰታ ጾም ነው፤ የገበያ ቀን ስለነበር ስርጉት ቀይና ነጭ ሽንኩርቷን ይዛ ወጣች። ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ገበያተኛው በየበረንዳው ተጠለለ። ስርጉት ዕቃዋን ጥላ ልትሮጥ አሰበች፤ ደግሞ ትንሽ ያባራ ብላ ቆየች። ቤቷ ስትደርስ ውሃው ከመደቡ አፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። እናቷ ቁጭ ብለዋል። እግራቸው ውሃ ውስጥ ነው፣ ዳዊታቸውን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘዋል።

"መጽሐፉ አልረጠበም" አሏት።

ጤና ጣቢያው የሳንባ ምች ነው አለ። መርፌውንም ተወጉ፣ ጠበሉንም ጠጡ። ለመስቀል አልደረሱም።

ቀብሩ ላይ ውበቴ መሬት እየወደቀ አለቀሰ፤ ሰው ነው ደግፎ የያዘው። ስርጉት ከሳጥኑ አጠገብ ቆማ ጠበቀች። እንባው ይመጣል ብላ ነው የጠበቀችው። አልቃሿ የእናቷን ስም እየጠራች ግጥሙን ደረደረችው፤ ስርጉት ግጥሙን ሰማችው፣ ደህና ግጥም ነው ብላ አሰበች፣ ሌላ ነገር አልተሰማትም። የወንድሟን ፊት አየችው፤ በመንገድ የሚያልፍ የማታውቀው ሰው መሰላት። አፈር ተመለሰ፣ ሰው ወደ ድንኳኑ ሄደ፣ እሷም አብራ ሄደች።

"ደንዝዛ ነው፤ ይለቃታል" አሉ የእድሩ ሴቶች። አርባው ወጣ፣ አልለቀቃትም። ትበላለች፣ ምን እንደበላች አታውቅም። ሰላም ሲሏት ሰምታ አፏን እስክትከፍት ሰላም ያለው ሰው አልፎ ይሄዳል። ሌሊት ደህና ትተኛለች። ይኸ ራሱ ሰውን ያሳዝን ነበር። ውበቴ አንድ ጠዋት መጥቶ ደጇ ላይ ቆመ።

"ምን ፈለግህ?" አለችው። በክፋት አልነበረም፤ እንዲሁ ነው የጠየቀችው። እሱ ግን ሌላ ሰማበትና ሳይመልስላት ዞሮ ሄደ።

ከጥምቀት በኋላ ቤቷን ቆልፋ ሞጣ ገባች። ሞጣን የመረጠችው የልጅነት ጓደኛዋ ፈንታነሽ እዚያ ቤት ተከራይታ ስለምትኖር እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበራትም። ሥራውንም ያገኘችላት ፈንታነሽ ናት፤ ጋሽ ይማም ዘንድ።

ጋሽ ይማም ከነጋዴ ቤተሰብ የተወለዱ የሞጣ ሰው ናቸው። አባታቸው ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ እሳቸው ብሎኬት ያመርታሉ። በዚያ ዓመት ከመናኸሪያው አጠገብ ያለውን፣ ክረምት ክረምት ኩሬ የሚሆነውን አደባባይ በአዲስ ዓይነት ብሎኬት እንዲያነጥፉ ሥራ ይዘው ነበር። ብሎኬቱ መኪና የሚችል ጠንካራ ነው። ጎን ለጎን ሲደረደር ግን በመካከሉ ቀጭን ክፍተት ይተዋል። ክፍተቱ በሲሚንቶ አይደፈንም፤ ደቃቅ ጠጠር ይሞላዋል። ከሥሩም ድንጋይ ብቻ ነው፤ ከታች ትልልቁ፣ ከዚያ መካከለኛው፣ ከላይ ደቃቁ። ዝናቡ በክፍተቱ ሰርጎ ድንጋዩ መሐል ይቆያል፤ መሬቱም ቀስ እያለ ይጠጣዋል።

ስርጉት ይህን ሁሉ ያወቀችው ቆይታ ነው። መጀመሪያ የተሰጣት ሥራ ከቅርጹ የወጣውን ብሎኬት እንዳይሰነጠቅ ጠዋት ማታ ውሃ ማጠጣት ነበር። ኋላ ወደ ንጣፉ አዛወሯትና በጉልበቷ ተንበርክካ ጠጠሩን በመጥረጊያ ወደ ክፍተቱ መግፋት ያዘች። ሥራው ተስማማት። ማንም ስለምንም አይጠይቃትም።

የጋሽ ይማም ባለቤት እትዬ ዘይዳ ለሠራተኛው ምሳ ያመጡ ነበር። ረቡዕና ዓርብ የስርጉትን በሌላ ሳህን ለይተው፣ "የጾም ነው፤ ዘይቱንም ራሴ ነኝ የገዛሁት፣ እንዳትጠረጥሪ" እያሉ ይሰጧታል። አንድ ቀን ከአጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"እናትሽ ሲሞቱ አላለቀስሽም አሉ።"

"ፈንታነሽ ናት የነገረችዎ?"

"እሷ ናት። አትቆጫት።"

"አልቆጣም። እውነት ነው፤ አላለቀስሁም።"

እትዬ ዘይዳ ወደ አደባባዩ አዩ። "ጁማና የምትባል ልጅ ነበረችኝ። እኔ ዓመት ሙሉ ነው ያለቀስሁት። ይማም ግን አንድ ቀን አላለቀሰም። አሁንም አላለቀሰም። እንዲያው ይኖራል።"

ስርጉት ሽሮው እንዳይቀዘቅዝ ቶሎ ቶሎ በላች።

የአደባባዩ ሥራ ያለቀው ግንቦት ላይ ነው። ብዙ ሰው አላመነውም። ባለሱቆቹ እንደልማዳቸው ዕቃቸውን ከፍ ከፍ አድርገው ደርድረው ነበር። ዝናቡ አንድ ከሰዓት በኋላ መጣ፣ ከባድ ዝናብ። ሰው ሁሉ ከቆርቆሮው ሥር ቆሞ መሬቱን ያይ ጀመር። ውሃው ብሎኬቱን ያረጥባል፣ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል፣ ሌላ ነገር የለም። ኩሬ አልሆነም። አንድ ባለሱቅ ዣንጥላውን ይዞ ወጣና መሐል ላይ ቆሞ ጫማውን አየ። "ውሃው የት ገባ?" አለ፤ ሰውም ሳቀ።

ስርጉት ቆማ አየች። የላዩ ግቢ ሊሾ ትዝ አላት። ትዝታው ሲመጣ አብሮት የሚመጣ ነገር ይኖራል ብላ ጠበቀች፤ ምንም የለም። ዝናቡ ሲያባራ ጋሽ ይማምን ጠየቀቻቸው።

"ይህ ለሰው ግቢም ይሆናል?"

"ይሆናል እንጂ። ማን ሊያሠራ ነው?"

"ማንም" አለች።

በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ላይ የቢቸና ጎረቤታቸው ይርጋነሽ ደወለችላት። የውበቴ መኪና ዓባይ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ተገልብጧል። እሱ ነፍሱ ተርፏል፤ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ገብቷል። ሚስቱ ቀድሞም ተለይታው ደብረ ማርቆስ ስለነበረች ቤት ውስጥ ማንም የለም።

"እሺ" አለች ስርጉት። ስልኩን ኪሷ ከታ መጥረጊያዋን አነሣች። አደባባዩን ጨርሰው ወደ ገበያ የሚወስደውን መንገድ ያነጥፉ ነበር።

ለእትዬ ዘይዳ የነገረቻቸው በማግስቱ፣ ምሳ ላይ ነው። እትዬ ዘይዳ ሳህኑን ከእጇ ተቀበሏት።

"ወንድምሽ እግሩ ተቆርጦ አንቺ እዚህ ጠጠር ትጠርጊያለሽ?"

"ብሄድ ምን አደርግለታለሁ? ሳየው አላዝንም፣ እትዬ ዘይዳ። ይልቅ ያስቀይመዋል።"

"ማዘኑን ማን ጠየቀሽ? ውሃ ታቀብይዋለሽ። ተነሺ።"

ስርጉት ሄደች። ቤቷን ስትከፍት ደለሉ ወለሉ ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ግድግዳው እስከ ወገቧ ድረስ የውሃ ምልክት አለበት። ዕቃዋን አስቀምጣ ወደ ላይ ወጣች። ውበቴ ከክራንቹ ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ከስቷል፤ ጢሙ ሸብቷል።

"ደህና ነህ?"

"እንደምታይኝ።"

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሊሾው ላይ መኪናው ይቆምበት የነበረው ቦታ በዘይት ጠቁሯል። ሁለቱም ያን ያዩ ነበር። ስለ እናታቸው የሚነሣ ከሆነ አሁን ነው የሚነሣው ብላ አሰበች። አልተነሣም።

"መኪናው ከሌለ ሊሾው ምን ያደርግልሃል?" አለችው።

"ምንም።"

"ላፈርሰው ነው።"

"አፍርሺው" አለ።

ሁለት የቀን ሠራተኛ ይዛ በመዶሻና በዲጂኖ ጀመረች። የተነቀለው ሲሚንቶ እንደ ሞጣው ለምታነጥፈው ብሎኬት ሥር ድንጋይ ይሆናል ብላ አልጣለችውም፤ ውበቴ ወንበሩን አስወጥቶ እየተቀመጠ በመዶሻ ይከሰክሰው ጀመር። ቀኑን ሙሉ ይከሰክሳል። ምሳ እሷ ትሠራለች፣ በየራሳቸው ሳህን ይበላሉ። ጋሽ ይማም ጠርዛቸው የተሸረፈ፣ ለመንገድ የማይሆኑ ብሎኬቶች በአይሱዙ ላኩላት። የቢቸና መንገድ በጸጥታው ምክንያት በተዘጋበት ሰሞን ስለሆነ ብሎኬቱ ደብረ ወርቅ ላይ ተራግፎ ሰነበተ። ሲከፈት ደረሰ። ሚያዝያን ሙሉ አነጠፈች፤ በሞጣ እንዳየችው፣ ያንኑ ያህል ቆፍራ፣ ያንኑ ድንጋይ ሞልታ።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ውሃው ገባ። ሁለተኛው ሲደገም ሞላ። ብሎኬቱ መሐል ለመሐል አበጠ፣ አንዳንዱ ዘመመ፣ የተረፈው ውሃ በዚያው ባሮጌው ጥግ ወደ ታች ወረደ። ውበቴ በረንዳው ላይ ሆኖ አየ። እሷም ወርዳ ቤቷን ጠረገች። ኔትወርክ በመጣ ቀን ሞጣ ደወለች።

"የእናንተ አፈር ምንድን ነው?" አሉ ጋሽ ይማም።

"መረሬ።"

"የሞጣው ቀይ አፈር ነው፤ ይጠጣል። መረሬ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል እንጂ አያሳልፍም። ሳልጠይቅሽ ብሎኬት የላክሁ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

"አሁንስ?"

"ንቀይው። ጠለቅ አድርገሽ ቆፍሪ፣ ድንጋዩን አብዢ። ከሥሩ የተበሳሳ ቱቦ ቅበሪና እስከ መንገዱ ቦይ አውጪው። ውሃው ድንጋዩ ውስጥ ይረፍ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይውጣ። ያን ጊዜ ጎርፍ አይሆንም።"

ነቀለችው። ቱቦው የሚያልፍበት መንገድ ግን አንድ ብቻ ነበር። በግራ በኩል የጎረቤት የድንጋይ አጥር ነው፣ በቀኝ መሬቱ ሽቅብ ይላል። ቁልቁለቱ የሚሄደው በታች ቤት ነው፤ በግድግዳው ሥር፣ እናታቸው ይተኙበት በነበረው መደብ በኩል። ስርጉት መደቡን በዶማ ማፍረስ ያዘች። ጭቃው በቀላሉ ይለቅ ነበር፤ ብዙ ውሃ ጠጥቷል።

ውበቴ በክራንቹ እየተደገፈ ወርዶ በሩ ላይ ቆመ። ያን ጠዋት ደጇ ላይ ቆሞ ከተመለሰ ወዲህ እዚህ ቤት ሲመጣ የመጀመሪያው ነው።

"ከጎኑ ማለፍ አይችልም?" አለ።

"አይችልም። ከፍታውን ለክቻለሁ።"

ክራንቹን በሩ ላይ አስደገፈ። ከዚያ ግድግዳውን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠና እሷ ያፈረሰችውን ጭቃ በእጁ እየሰበሰበ ወደ ጆንያው ይጨምር ጀመር። እንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል። ስርጉት አየችው። ዶማዋን አስቀምጣ ውሃ በጣሳ አመጣችለት። ጠጣ። እሷ መቆፈሩን ቀጠለች።

ሥራው ያለቀው ሰኔ ሊጋመስ ሲል ነው። ሐምሌ ላይ፣ ሰማዩ ጠዋት ጀምሮ ተጫጭኖ ውሎ፣ ከሰዓት በኋላ ለቀቀው። ስርጉት ከውበቴ ጋር ላይ ቤት በረንዳው ላይ ነበረች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ መነጋገር አይቻልም ነበር። ውሃው ከጣሪያው ወርዶ ብሎኬቱ ላይ ፈሰሰ፣ ክፍተቱ ውስጥ ገባ። ሁለቱም ያን የታወቀ ጥግ ያዩ ነበር። ጥጉ ረጠበ እንጂ አልፈሰሰም። ዝናቡ ቆየ። ጥጉ እንደዚያው ነው።

ሲያባራ ወርዳ ቤቷን አየች። ወለሉ ደረቅ ነበር። ውጭ ወጥታ የቱቦውን አፍ አየች፤ ውሃው እንደ ጀበና አንገት ቀጠን ብሎ ወደ ቦዩ ይወርዳል። በማግስቱም ይወርድ ነበር።

"አልገባም?" አለ ውበቴ ከላይ ሆኖ።

"አልገባም።"

"ተመስገን።"

"ተመስገን" አለች። ደስ ሊላት እንደሚገባ ታውቅ ነበር። ካልሆነም ከዓመታት በፊት ይህ ቢደረግ ኖሮ ብላ ልትቆጣ፣ ልታለቅስ ትችል ነበር። ደረቁ ወለል ላይ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ጠበቀች። ከጎረቤት የቡና ሙቀጫ ይሰማል። መደቡ የነበረበት ቦታ በአዲስ ጭቃ ተመርጓል። ራት መሥራት ነበረባትና ተነሣች።

ይርጋነሽና ሌሎች ጎረቤቶች እየመጡ አዩ። "ስርጉት፣ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ተገላገልሽ" አሏት። "አሜን፣ ያኑርልኝ" ትላለች። አንዱ ለግቢው እንድታነጥፍለት ጠየቃት፤ መጀመሪያ አፈሩን ቆፍራ አየች፣ ከዚያ እሺ አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ የላዩን ግቢ ትጠርጋለች፤ አፈርና ቅጠል ክፍተቱን ከደፈነው ውሃ አያሳልፍም። ውበቴ እየተቀመጠ በጠጠሩ መሐል የበቀለውን ሣር ይነቅላል። ምሳ ከአንድ ትሪ መብላት ጀምረዋል። መቼ እንደጀመሩ ሁለቱም አያስታውሱም፤ ሳህን ማጠቡ ሰልችቷት ይሆናል።

ጥቅምት ላይ ጋሽ ይማምና እትዬ ዘይዳ ለሲሚንቶ ጉዳይ ወደ ደጀን ሲሄዱ ቢቸና ላይ ወረዱ። ውበቴ ወንበር አስወጣላቸው። ጋሽ ይማም አልተቀመጡም፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ግቢውን እየረገጡ ዞሩ፤ አንድ ቦታ ቆሙና በተረከዛቸው መታ አደረጉ።

"ይቺ ትነቃነቃለች።"

"አይቻታለሁ" አለች ስርጉት። "ዛሬ ነገ እያልሁ ነው።"

እትዬ ዘይዳ ክንዷን ይዘው ወደ ዳር ወሰዷት። "አንቺስ እንዴት ሆንሽ? ለቀቀሽ?"

ስርጉት አሰበች፤ ለእሳቸው መዋሸት አልፈለገችም።

"እንዳለሁ ነኝ" አለች። "ሥራዬን እሠራለሁ።"

እትዬ ዘይዳ ራሳቸውን ነቀነቁ። በረንዳው ላይ ውበቴ ስለ ዓባይ ቁልቁለት መጠምዘዣ ለጋሽ ይማም በእጁ እያሳየ ይነግራቸዋል፤ ጋሽ ይማም እያዳመጡ ነው። ስርጉት መዶሻውን፣ ዲጂኖውንና አንድ ጣሳ ጠጠር አመጣች፤ ከተነቃነቀችው ብሎኬት አጠገብ ተንበርክካ ጠርዟን በዲጂኖው ጫፍ ማንሣት ጀመረች።